ትንሿ ባትሪ፦ ከመዘወሪያ ብረት እስከ ሃይብሪድ መኪና



እንደሚታወቀው በሰፈራችን በቤቴል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሃይብሪድ የሚባለው መኪና በየግቢው መታየት ጀምሯል። ይህ መኪና ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ሲገናኙ የሚያወሩት ሁሉ ስለ ትልቁ ባትሪ ነው። ስንት ዓመት ይቆያል? ቢበላሽስ ስንት ይጠይቃል? ይባላል። ነገር ግን በዚያው መኪና ውስጥ አንድ ሌላ ትንሽ ባትሪ አለ። ሰውን ጠዋት በር ላይ አቁሞ የሚያስቀረው ባመዛኙ ይኸው ትንሹ ነው። ስለዚህ የዚህችን ትንሽ ባትሪ ታሪክ ከመነሻዋ ይዘን ብንመለከት፣ አያያዟም አብሮ ይገባናል በሚል እምነት ይህ ጽሑፍ ቀርቧል።

ከመኪና በፊት የነበረ ባትሪ

ባትሪ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር ይወራለት እንጂ ዕድሜው ከመኪና ይበልጣል። የመጀመሪያውን ባትሪ በ1800 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳወቀው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። ዛሬ “ቮልት” እያልን የምንለካው ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው። የቮልታ ባትሪ ግን አንዴ ካለቀ አለቀ፤ ተመልሶ አይሞላም።

እንደገና የሚሞላውን ባትሪ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ጊዜውም 1859 እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛ አገር የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መሆኑ ነው። ፕላንቴ ሁለት ስስ የእርሳስ ቆርቆሮዎችን ሳይነካኩ ጠቅልሎ በአሲድ ውስጥ ነከራቸው። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ማዕድን ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሚል ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቆርቆሮውን በእርሳስ ሊጥ እየለቀለቀ ባትሪው ብዙ ኃይል እንዲይዝ አደረገው። ዛሬ በዘመናዊው ሃይብሪድ ውስጥ የምትገኘው ትንሿ ባትሪ ባብዛኛው የዚሁ ዘር ናት። ውስጧ ስድስት ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12 ቮልት እንላለን።

በመዘወሪያ ብረት የሚነሳ መኪና

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና ጉዞው ቀላል አልነበረም። የዚያ ዘመን የቤንዚን መኪና ሞተሩ የሚነሳው በፊት በኩል በሚሰካ የብረት መዘወሪያ በሰው ጉልበት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ ብረቱ እጅ ይሰብር ነበር። ስለሆነም መኪና መያዝ የጠንካራ ሰው ሥራ ሆኖ ቆየ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በባትሪ ብቻ የሚሄዱ መኪኖች እንደነበሩ ብዙ ሰው አያውቅም። እነዚህ መዘወሪያ አይፈልጉም፤ ጭስም ድምፅም የላቸውም። በዚህም ምክንያት በሐኪሞችና በወይዛዝርት ዘንድ ይወደዱ ነበር። ታዲያ ምን አጠፋቸው? የፎርድ ርካሽ የቤንዚን መኪና በ1908 እ.ኤ.አ. መውጣቱ አንዱ ነው። ሁለተኛውና የሚገርመው ምክንያት ግን ራሱ ባትሪ ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው በባትሪ የሚዞር ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. ካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። እኛ ሞተሪኖ የምንለው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የቤንዚን መኪና ለማንም ሰው የሚነሳ ሆነ፤ የኤሌክትሪኩ መኪናም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ትንሿ ባትሪ በትልቁ ባትሪ ላይ የተነሳችው ያን ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል።

የቮልስ ዘመን

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የመኪና ባትሪ 6 ቮልት ነበር። ሞተሮች እየከበዱ መብራቱም እየበዛ ሲሄድ፣ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተዛወረ። በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ ያሳደገችው ቮልስዋገን ግን እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ በ6 ቮልቷ ቆይታለች። የእርሷ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለነበር፣ ልጆች የሚቀመጡት ባትሪው ላይ ነው።

የዚያን ዘመን ባለመኪና ሁለት ነገር ያውቅ ነበር። አንደኛ፣ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ውሃው ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ባትሪው ከደከመ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ያቆማል፤ ጠዋት ፍሬን ለቆ ማርሽ ያስገባና በግፊ ያስነሳል። ቁልቁለት ከሌለ የሰፈር ልጅ ይጠራል። ባትሪ ቢሞትም ጎረቤት አለ ማለት ነው። ይህን ልብ እንበል፤ ምክንያቱም ዛሬ የተለወጠው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ሃይብሪድ ሲመጣ

በታኅሣሥ ወር 1997 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስ የተባለችውን መኪና በአገሩ ለገበያ አወጣ። ሃይብሪድ በብዛት እየተመረተ መሸጥ የጀመረው በእርሷ ነው። ሰማንያ ዓመት ተገፍቶ የቆየው ትልቁ ባትሪ በዚህ መልክ ተመለሰ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣችው ሁለተኛዋ ፕሪየስ ላይ የትልቁ ባትሪ ኃይል 201.6 ቮልት ነው፤ በቤታችን ካለው መብራት ብዙም አያንስም።

ታዲያ ይህን ያህል ኃይል እያለ 12 ቮልቷ ለምን ቀረች? መልሱ እንዲህ ነው። ትልቁ ባትሪ ለሰው ሕይወት አደገኛ ስለሆነ፣ መኪናው ሲጠፋ ከሌላው አካል ሁሉ ተቆርጦ ተቆልፎ ያድራል። ቁልፉን የሚከፍቱት የመኪናው ኮምፒዩተሮች ናቸው። ኮምፒዩተሮቹን የምትቀሰቅሰው ደግሞ ትንሿ ባትሪ ናት። የዕድራችን አባላት ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጉልበቱ ያለው አባላቱ ዘንድ ነው፤ ድንኳን የሚተክለውም፣ ቀብር የሚያስፈጽመውም ሕዝቡ ነው። ነገር ግን ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ካልዞረ ማን ሰምቶ ይወጣል? ትንሿ ባትሪ የመኪናው ጥሩምባ ነፊ ናት።

ፕሪየስንና እርሷን የመሳሰሉ ሃይብሪዶች እንደ ድሮው ሞተሪኖ የላቸውም፤ አልተርኔተርም የላቸውም። ትንሿን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ኃይል ቀንሶ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ይህም መሣሪያ የሚሠራው መኪናው በትክክል ሲነሳ፣ ማለትም “ሬዲ” የሚለው ምልክት ሲበራ ብቻ ነው። ሬዲው ሳይበራ ሬዲዮ ከፍቶ ሰው መጠበቅ ትንሿን ባትሪ መጨረስ ነው። በግፊ ማስነሳት የሚባል ነገርም ቀርቷል። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቢገፋት ሃይብሪድ አትነሳም።

ወደ አገራችን የመጣው ለውጥ

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሆነው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ተጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ብቻ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ስለዚህ ቀደም ሲል የገባ ሃይብሪድ ያለው ሰው መኪናውን ተንከባክቦ ማቆየት ግዴታው ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ቢሆን ከዚህ ጉዳይ አያመልጥም፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ያችው 12 ቮልት አለቻቸውና።

ጉዳቱ የት ላይ እንዳለ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። አንድ የሰፈራችን ሰው ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ሲመለሱ መኪናቸው ብዙ የቀይና የቢጫ ምልክት አብርታ አልነሳ አለች። የታየችበት ጋራዥ “ትልቁ ባትሪ ሞቷል፣ ይለወጥ” አላቸው። ዋጋውን ሲሰሙ መኪናዋን ለመሸጥ አስበው ነበር። በኋላ አንድ ሌላ ባለሙያ በቴስተር ትንሿን ባትሪ ሲለካት 9 ቮልት ሆና ተገኘች። እርሷ ስትለወጥ ምልክቱ ሁሉ ጠፋ። ትንሿ ስትደክም ኮምፒዩተሮቹ ይደናገራሉ፤ ያልተበላሸውንም ተበላሸ ይላሉ። ስለሆነም ትልቅ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ትንሿን ማስለካት ተገቢ ነው።

አያያዟና ክትትሏ

1. መለካት፦ በወር አንድ ጊዜ፣ የዕድር ክፍያ በምንከፍልበት ሰሞን ብናደርገው አንረሳውም። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ደርሷል። ከ12 በታች ከወረደ ሳይውል ሳያድር መሞላት አለበት። ሬዲው በርቶ ሲለካ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ ካላሳየ ሙያተኛ ይየው።

2. ባዶዋን አለማቆየት፦ እርሳስ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚደርቅ ነጭ ጠጣር ነገር ይጋገራል። ይህ ከጠነከረ በኋላ ቢሞሉትም አይለቅም። መኪና ቆሞም ቢሆን ማስጠንቀቂያው፣ ሰዓቱና ኮምፒዩተሩ ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። ከቤቴል ጦር ኃይሎች ደርሶ መመለስ ብቻ ለሆነ መኪና፣ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም ያለ ጉዞ ይጠቅመዋል። መንዳት ካልተቻለ ሬዲው በርቶ ግማሽ ሰዓት ይቁም። ነገር ግን የቤንዚኑ ሞተር ሳይታሰብ በራሱ ሊነሳ ስለሚችል፣ ይህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

3. ቁልፉን ማራቅ፦ ያለ መክፈቻ በኪስ ሆኖ የሚሠራው ቁልፍ መኪናው አጠገብ ካደረ፣ መኪናው እየነቃ ኃይል ሊጨርስ ይችላል።

4. ሲዘጋ መክፈት፦ ባትሪዋ ፈጽማ ከሞተች በሩ በሪሞት አይከፈትም። በቁልፉ ውስጥ ተሰክቶ ያለውን የብረት ቁልፍ አውጥቶ የሾፌሩን በር መክፈት ነው። በብዙዎቹ ፕሪየሶች ባትሪዋ ያለችው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ የዚያ በር ደግሞ በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት አይከፈትም። ለዚህ ነው ከፊት ኮፈኑ ሥር በፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን ያለው የመደመር (+) መቀበያ የተዘጋጀው።

5. ኃይል ሲበደሩ መጠንቀቅ፦ ከሌላ መኪና በገመድ ሲወሰድ መደመርና መቀነስ ከተዛወረ ፊውዝና ውድ ዕቃ ይቃጠላል። በሃይብሪድ የሌላውን መኪና ማስነሳትም አይመከርም፤ ትንሿ ባትሪ ለሞተሪኖ የሚሆን ጉልበት እንድትሰጥ አልተሠራችም።

6. ሲለወጥ ዓይነቱን መጠበቅ፦ በመንገደኛው ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ ባትሪ ጋዟን ወደ ውጭ የምታስወጣበት ቀጭን ቱቦ አላት። የተዘጋች ስለሆነች ውሃም አይጨመርባትም። በርካሽ ብሎ በቦታዋ ተራውን የአሲድ ባትሪ ማስገባትና ቱቦውን አለመቀጠል ለጤናም ለእሳትም ያሰጋል። ሲፈታ መቀነሱ (-) ይቅደም፤ ሲታሰር መቀነሱ ይከተል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ግን ማናችንም መንካት የለብንም፤ እነርሱ የትልቁ ባትሪ ናቸው።

7. አሮጌዋን አለመጣል፦ እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌ ባትሪ በግቢ ውስጥ መስበር ወይም አሲዱን ቦይ ውስጥ መድፋት ጎረቤትን መበደል ነው። ለሚቀበል ባትሪ ሻጭ ማስረከብ ይገባል።

በቮልስ ጊዜ ባትሪ ሲሞት ጎረቤት ይገፋ ነበር። አሁን ግን ጎረቤት ሊያደርግ የሚችለው ቴስተርና ገመድ ይዞ መምጣት ነው። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት መድረስ ያለባት ጊዜ፣ ወይም በማለዳ ሬሳ አጅበን ለመሄድ የዕድራችን መኪኖች በሚፈለጉበት ሰዓት፣ የአንዷ ትንሽ ባትሪ መድከም የሁላችንም ችግር ነው። ስለዚህ ዕድራችን ከድንኳኑና ከወንበሩ ጎን አንድ ቴስተርና አንድ ጥሩ የባትሪ ገመድ በዕቃ ቤቱ ቢያስቀምጥ መልካም ይሆናል። ዋጋው ብዙ አይደለም። ጉዳዩን አባላት በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲያዩት በትሕትና እናሳስባለን።