«ጋሼ፣ ሰባት ዓመቱ ነው ብለውናል»

ታሪክን መነሻ አድርጎ ልብወለድ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ሃያሲን ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ጊዜ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ጋብዞኝ ከተማሪዎች ጋር ስንጽፍ ከዋልን ወዲህ ግን አሳቤን ለውጫለሁ።

ይዤ የሄድኩት አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1868 ዋይት ደሴት ላይ ያነሳችው የልዑል ዓለማየሁ ምስል። ተማሪዎቹ መቅደላን ያውቃሉ፤ ሽጉጡንም ያውቃሉ። ልጁን የሚያውቁት ግን ጥቂት ነበሩ።

ስለዚህ መዝገብ የሚለውን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል የነሷቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። እሳቸውም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ ትግራይ ውስጥ ታመው ዐረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። በአንድ ወር ገደማ ልጁ ሁለቱንም አጣ። ከዚያ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዊንድሰር ተቀበረ። ዕድሜው 18 ነበር።

«እንግዲህ መርከብ ላይ ያደረበትን የመጀመሪያ ሌሊት ጻፉ» አልኳቸው። ሲጨርሱ የራሴን ረቂቅ አነበብኩ። በእኔ ረቂቅ ልጁ መርከቡ ላይ ቆሞ የአባቱን ደም ሊመልስ ይምላል። ተጨበጨበልኝ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሰባት ዓመቱ ነው ብለውናል። እናቱ ከሞቱ ሳምንታት ናቸው። ታዲያ እናቱን አይፈልግም?»

የእሷ ዓለማየሁ አንድም ቃል አይናገርም። እናቱ ያለበሱትን ነጠላ አጥቶ በጨለማ ይዳብሳል፤ ሲነጋም አላገኘውም።

ነጠላውን መዝገብ አያውቀውም፤ የእኔንም መሐላ አያውቀውም። ሁለቱም ፈጠራ ናቸው። ግን ልጅቷ የጻፈችው ልጁን አስባ ነው፤ እኔ የጻፍኩት ጭብጨባውን አስቤ። ያን ልጅ በሕይወቱ ሳለ ሌሎች እንደፈለጉ ወሰዱት፤ እኔም ከሞተ በኋላ በተራዬ አንስቼ ለራሴ ጉዳይ አቆምኩት።

አጽሙ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በግንቦት 2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ጥያቄው ይቀጥላል። እኔ ግን እስከዚያው በእጄ ያለውን ልጅ ልጠብቅ ይገባኛል። ያን ምዕራፍ ቀድጄዋለሁ። አዲሱን ስጨርስ ለዚያች ተማሪ አነብላታለሁ፤ ፈርቼም ቢሆን።