ጋላባት ላይ የተሸነፈው ጄኔራል

ዊልያም ስሊም እንግሊዛዊ እንጂ አውስትራሊያዊ አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1915 ጋሊፖሊ ላይ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ወታደሮች ጎን ተዋግቶ ቆስሏል፤ ከ1953 እስከ 1960 ደግሞ የንግሥቲቱ እንደራሴ ሆኖ አውስትራሊያ ተቀምጧል። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች በርማ ውስጥ የጃፓንን ጦር ያሸነፈውን 14ኛውን ጦር የመራ አዛዥ ብለው ያነሡታል። እኛ ግን ጨርሶ አናነሣውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ አጥቅቶ የተሸነፈው በእኛው ደጃፍ፣ ከመተማ ፊት ለፊት ባለችው ጋላባት ነው። (ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

መተማ ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ 1881 ነው። አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ምድር በመሆኑ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከ51 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ የተደረገው ሌላ ውጊያ በዚያ ትልቅ ሐዘን ተሸፍኖ ቀርቷል። መተማንና ጋላባትን የሚለያቸው አንድ የበጋ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ገዳሪፍ ይደርሳሉ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር የወረደ ሁሉ የሚያውቀው የዋልካ ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል። ገዳሪፍ ባቡር ስለነበራት ለእንግሊዞች ደጀን ሆነች።

ጣሊያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 የሱዳን የጠረፍ ከተሞች የሆኑትን ከሰላንና ጋላባትን ያዙ። ሱዳንን ይጠብቅ የነበረው ጦር ዘጠኝ ሺህ ገደማ ብቻ ስለነበር ካርቱም ያኔ የምትተማመነው ከጦሩ ይልቅ በአርበኞቻችን ነበር ቢባል አልተጋነነም። ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖር የነበረው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነሐሴ 6 ከገዳሪፍ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው በዶካ በኩል ጠረፉን ተሻግሮ፣ በቋራ አድርጎ ወደ ጎጃም ገባ። በሰሜን አርማጭሆ ላይ እነ ውብነህ ተሰማ፣ አሞራው የሚባሉት አርበኛ፣ ከጎንደር የሚወርደውን መንገድ ለጣሊያን እሾህ አድርገውበት ነበር። የሚጎድለው ጠብመንጃና ጥይት ነው፤ የግመል ሲራራ የሚያደርሰው ለማንም አይበቃም። በመኪና ለማድረስ ደግሞ መተማ መከፈት ነበረባት።

ይህን ሥራ የተቀበለው ስሊም ነው። የሚያዘው 10ኛው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ የጋርዋል፣ የባሉችና የእንግሊዝ ኤሴክስ ሻለቆችን የያዘ ነበር። አሥራ ሁለት ታንኮችም ተሰጡት። ከወዲያ በኩል በምሽግ የነበሩት አብዛኞቹ ለጣሊያን ያደሩ የአገራችንና የኤርትራ አስካሪዎች መሆናቸውን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ለማን ነው የሚዋጉት ተብለው ቢጠየቁ ከሁለቱም ወገን ስንቱ በልበ ሙሉነት ይመልስ ነበር?

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ጎሕ ሲቀድ አውሮፕላኖች ደበደቡ፣ መድፍ ተከተለ፣ ታንኮቹና ጋርዋሎቹ የጋላባትን ምሽግ ያዙ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታሰበው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀና ነገር የለም። ከአሥራ ሁለቱ ታንኮች ዘጠኙ በፈንጂና በቋጥኝ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። ለመጠገን የወረዱትን አንዳንድ የታንክ ወታደሮች ደግሞ ጋርዋሎቹ ጣሊያን መስለዋቸው ተኮሱባቸው። የመለዋወጫ ዕቃ የጫነው መኪና በቦምብ ጋየ። ሰማዩን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያዙት። የጋላባት ኮረብታ ድንጋይ በመሆኑ ጉድጓድ ቆፍሮ መሸሸግ አልተቻለም፤ ምሽጉ ውስጥ የነበረው የኤሴክስ ሻለቃ ቦምቡ ሲበዛበት ከፊሉ ተሸበረ። ጠላት መጣ እያሉ በመኪና ወደ ኋላ፣ በገዳሪፍ መንገድ የሸሹ ነበሩ። በሁለቱ ቀን ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ ከ100 በላይ ቆሰለ።

ስሊም ያለ ታንክም ቢሆን ወንዙን ተሻግሮ መተማን ሊያጠቃ ልቡ ፈቅዶ ነበር። ከመኮንኖቹ የሚበዙት አይሆንም አሉት። ሰማቸውና ጦሩን መለሰ። በኋላ ያገኘው መረጃ ግን መተማ ያለው የጣሊያን ጦር ራሱ ሊለቅ ተቃርቦ እንደነበር ነገረው። እንደራሴ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሁለት መንገድ ደፋሩን መምረጥ ሲገባው ፍርሃቱን አማካሪ እንዳደረገ ራሱ ጽፏል። ጄኔራሎች ሽንፈታቸውን በበታች ወይም በአየር ጠባይ ማሳበብ በሚወዱበት ዓለም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ግን ፍርዱ በራሱ ላይ ከብዷል ባይ ነኝ። መተማ ብትያዝስ? ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ተራራና ገደል ነው፤ በሦስት ታንክና በአንድ ብርጌድ ጭልጋን ማለፍ የሚታሰብ አልነበረም። ይልቅ ሽንፈቱ ሌላ በር ከፈተ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ዋና ጦር በከሰላ በኩል ወደ ኤርትራ ዞረ፤ ለአርበኞች የሚሄደው ትጥቅም በጎጃም በረሃ፣ በግመል፣ ተጠናክሮ ቀጠለ። በኋላ የጎጃሙን ዘመቻ የመራው እንግሊዛዊ መኮንን ዊንጌት ካርቱም የገባው በዚሁ በጥቅምት መጨረሻ ነው። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገቡ። ከጎጃም ዘመቻ ጋር የሄዱ እውነተኛ አውስትራሊያውያንም ነበሩ፤ ሌተናንት አለን ብራውንና አራት ሰርጀንቶች፣ ሁሉም መድፈኞች፣ በእግራቸው ከአርበኛ ጋር የተንከራተቱ። ስሊም ራሱ ጥር ላይ በኤርትራ በኩል ሲዋጋ በአውሮፕላን ጥይት ቆስሎ ከምሥራቅ አፍሪካ ወጣ። ከዊንጌት ጋር በርማ ላይ ተገናኙ፤ ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት የበላይ አዛዡ ስሊም ነበር።

መተማስ? ማንም ሳያጠቃት ተለቀቀች። ከሰላ በጥር ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የመተማው ጦርም ዕጣው ታወቀውና ጥር 23 ቀን ሌሊት ወደ ጎንደር አፈገፈገ፤ መንገዱን ግን በፈንጂ ሞልቶ ነበር የሄደው። ፈንጂውን እየለቀመ ጦሩን ያሳለፈው ሁለተኛ ሌተናንት ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ የሕንድ መሐንዲስ ነው። አራት ቀን ያለ ዕረፍት 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ፤ የተሳፈረባት መኪና ሁለት ጊዜ ፈነዳችበት፤ ጆሮው ደነቆረ። በዚያ ጦርነት የመጀመሪያው የቪክቶሪያ መስቀል ተሸላሚ ሕንዳዊ መኮንን ሆነ። መንገዱ ቢጸዳም ጦሩ ጭልጋ ላይ ተገታ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከስድስት ወር በኋላም ጎንደርን የያዘው የጣሊያን ጄኔራል ናሲ እጁን አልሰጠም ነበር፤ የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፣ የእንግሊዝ ጦርና አርበኞች ከየአቅጣጫው ከተማይቱ ድረስ ከዘለቁበት በኋላ።