የተጎዳ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ አጠጋገንና ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ

በሰሜን ጎንደር ዞን በደባርቅና በዳባት ከተሞች፣ እንዲሁም በጃናሞራ ወረዳ የኤሌክትሪክ መስመር በገባላቸው አካባቢዎች ብዙ መኖሪያ ቤቶች በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱና ኮርኒሳቸው በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱም በግድግዳው ላይ በሚስማር ተይዞ ወይም ከኮርኒሱ በላይ እንዲሁ ተዘርግቶ ይገኛል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ዕቃ ለመስቀል የተመታ ሚስማር ገመዱን ይወጋዋል፤ አይጥ ልባሱን ይበላዋል፤ የቆርቆሮ ጠርዝም በነፋስ በተነቃነቀ ቁጥር ይፍቀዋል። ጉዳቱ ሲታይ በብዙ ቤት የሚወሰደው እርምጃ የተቆረጡትን ሽቦዎች በእጅ ገምዶ ናስትሮ መጠቅለል ነው። አምፖሉ ስለሚበራ ጥገናው እንደተሳካ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ተገምዶ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ለአምፖል ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ያው መስመር የእንጀራ ምጣድ ሲሰካበት ግን ሁኔታው ይለወጣል። 3 ሺህ 500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ያህል ኮረንቲ ይስባል፤ ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው ከ0.3 አምፔር አይበልጥም። በመገጣጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው ደግሞ በኮረንቲው መጠን ልክ ሳይሆን በኮረንቲው ካሬ ነው። የላላው መገጣጠሚያ ለኮረንቲው የሚፈጥረው እንቅፋት (ሬዚስታንስ) 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በአምፖሉ ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት ከአንድ ዋት መቶኛ ያነሰ ነው። በምጣዱ ጊዜ ግን ከ25 ዋት ያልፋል፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ ለማቅለጥ ከሚጠቀሙበት መበየጃ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ተከማቸ ማለት ነው። የተለመደው የገመድ ፕላስቲክ ልባስ እንዲችል ተደርጎ የሚሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ነው። ሽቦው በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ግምዱ ይበልጥ ይላላል፤ ናስትሮውም ሙጫው እየደረቀ ይላቀቃል። ከአጠገቡ ያለው የማዳበሪያ ኮርኒስ ከሆነ እሳት ለመነሳት ብዙ አይቀረውም። መስመሩን የሚቆጣጠረው ብሬከርም በዚህ ጊዜ አይወርድም፤ የሚያልፈው ኮረንቲ ከተፈቀደው መጠን አልበለጠምና።

ጥገና ከመታሰቡ በፊት ገመዱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመርና ቆጣሪው ራሱ የአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ኃላፊነት ነው። ድርጅቱ በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ከተቋቋመው መሥሪያ ቤት የመጣ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም የኃይል ማመንጨቱና የማከፋፈሉ ሥራ ለሁለት ሲከፈል የደንበኞች አገልግሎቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ይህን መስመር የቤቱ ብሬከር አያቋርጠውም። ስለዚህ ከቆጣሪው በፊት ያለ ገመድ ተበጥሶ ወይም ተልጦ ሲገኝ ማንንም ሳያስጠጉ በአቅራቢያው ለሚገኝ የአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ እንጂ መነካካት አይገባም።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ የሚሠራው የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ በመሆኑ፣ የግድግዳና የኮርኒስ መስመር ጥገናን ለባለሙያ መስጠት ይመረጣል። ባለቤቱ ግን ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ቢያውቅ በናስትሮ ብቻ ተሸፋፍኖ የሚቀርብለትን ጥገና አይቀበልም።

የመጀመሪያው ተግባር ኃይል ማቋረጥ ነው። ዋናው ብሬከር ይወርዳል፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያነሳውም ሰው ይቆማል ወይም ሳጥኑ ይቆለፋል። ይህ በተለይ ከጎረቤት ቆጣሪ በተቀጠለ መስመር ለሚጠቀሙ ቤቶች ወሳኝ ነው፤ ማቋረጫው የሚገኘው በጎረቤት ግቢ ሲሆን፣ ጎረቤት ደግሞ መብራት ጠፋብኝ ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ብሬከሩ ስለወረደ ብቻ ሽቦው ባዶ ነው ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ፌዙና ኑትራሉ ተቀያይሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ ነጠላ ብሬከር ኑትራሉን ብቻ ቆርጦ ፌዙን በሕይወት ሊተወው ይችላል። ቴስተሩ በቅድሚያ ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ይሞከራል፤ ቀጥሎ ሁሉም ሽቦዎች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ በመጨረሻም ቴስተሩ አለመበላሸቱ ኃይል ባለው ሶኬት እንደገና ይረጋገጣል። የሽቦ ቀለምም ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። በዓለም አቀፉ አሠራር ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኑትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት መስመር ቢሆንም በገበያ በተገኘው ገመድ የተዘረጋ ቤት ይህን ላይከተል ይችላል።

ከዚያ በኋላ የጉዳቱ ዓይነት ይታያል። የውጭው ልባስ ብቻ ተፍቆ የውስጦቹ ሽቦዎች ልባስ ሙሉ ከሆነ፣ ናስትሮ በደንብ ወጥሮና ደራርቦ መጠቅለል ገመዱ እስኪቀየር ድረስ ያገለግላል። መዳቡ ከታየ፣ ከተጫረ ወይም ከጠቆረ ግን የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት። የዕቃ ገመድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ እስከተጎዳው ቦታ ድረስ ቆርጦ ማሳጠርና ፕለጉን እንደገና መግጠም፣ ካልሆነም ገመዱን በሙሉ መለወጥ ነው።

የግድግዳ መስመር በሚሆንበት ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው በሁለቱ ማገናኛ ሳጥኖች መካከል ያለውን ገመድ በሙሉ በአዲስ መተካት ነው። የማይቻል ከሆነ መገጣጠሚያው በሳጥን (ጃንክሽን ቦክስ) ውስጥ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይሠራል። የሽቦው ጫፍ ማያያዣው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይላጣል፤ ሲላጥ መዳቡ ከተቆረሰ ያ ቦታ ራሱ የሙቀት ምንጭ ስለሚሆን እንደገና ቆርጦ መላጥ ያስፈልጋል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ ተስቦ ይሞከራል። አዲሱ ገመድ ከነባሩ መቅጠን የለበትም፤ በተለምዶ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ለምጣድ ከዚህ የወፈረ ለብቻው ይዘረጋለታል። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ተገምደው መያያዝ የለባቸውም፤ እርጥበት ባለበት መገጣጠሚያው ይበላል። ሳጥኑም በጭቃ ተለስኖ መቀበር የለበትም፤ ያልታየ መገጣጠሚያ አይፈተሽም።

በአካባቢው እርጥበት ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ስትሆን፣ በክረምት የጭቃ ግድግዳ ውኃ ይዞ ይሰነብታል። የረጠበ ግድግዳ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ልባሱ የተፋቀ ሽቦ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ከተነካካ ደግሞ ጣሪያው በሙሉ፣ በጣሪያው ላይ የታሰረ የልብስ ማስጫ ሽቦም ጭምር ኃይል ይሸከማል፤ የሚያዘውም ልብስ ልታሰጣ የወጣችውን እናት ወይም ልጅ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም። ለሰው ሕይወት የሚበጀው በ30 ሚሊ አምፔር የኮረንቲ ማፈትለክ መስመሩን የሚያቋርጠው መከላከያና በትክክል የተሠራ የመሬት መስመር ነው፤ የብረት አካል ላለው ምጣድ የመሬት መስመር ሊታለፍ አይገባም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ኃይል የሚለቀቀው ዕቃዎች ሁሉ ከሶኬት ተነቅለው ነው። ከዚያም ምጣዱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራና ኃይሉ ተቋርጦ ሳጥኑ በእጅ ጀርባ ይዳሰሳል። ከሞቀ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ መገጣጠሚያው እንደገና ይሠራል።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ ለመጎተት መሞከር ተጎጂዎችን ሁለት ያደርጋል። በቅድሚያ ብሬከሩ ይወርዳል፤ የማይቻል ከሆነ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ ሽቦውን በደረቅ እንጨት ከሰውየው ማራቅ ይቻላል። ይህ ግን ለቤት ውስጥ መስመር ብቻ ሲሆን፣ ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ መጠጋት አይገባም። ተጎጂው ካልተነፈሰ በደረቱ መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየተጫኑ ወደ ጤና ተቋም እንዲደርስ ይደረጋል። ቃጠሎው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዘቅዛል እንጂ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባም። ተጎጂው ወዲያው ነቅቶ ደህና ነኝ ቢልም ኮረንቲ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል መመርመር ይኖርበታል።