ማሞ ወልዴ

ሻምበል ማሞ ወልዴ (1932–2002 እ.ኤ.አ.) ኮሪያ የዘመተ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር። የተወለደው ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ድሬ ጅሌ በተባለች የገጠር መንደር ነው። በ1951 ክብር ዘበኛን ተቀላቀለ፤ ከ1953 እስከ 1955 በኮሪያ ከተሰማራው የኢትዮጵያ ጦር ጋር አገለገለ።

ከዘመቻው በተመለሰ በዓመቱ፣ በ1956፣ በሜልበርን ኦሊምፒክ በ800 እና በ1500 ሜትር እንዲሁም በዱላ ቅብብል ተወዳደረ፤ ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። በ1964 በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። ትልቁ ዓመቱ 1968 ነው። በሜክሲኮ ሲቲ በ10,000 ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ለጥቂት ተቀድሞ ብር አገኘ። በማራቶኑ የአገሩ ልጅ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ አደራውን ተረክቦ በ2:20:26 አሸነፈ፤ ተከታዩን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። ኢትዮጵያ በማራቶን ተከታታይ ሦስተኛ ወርቅ ያገኘችው በእርሱ ነው። በ1972 በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረ።

የኋለኛው ዘመኑ መራራ ነበር። ከደርግ ውድቀት በኋላ በቀይ ሽብር ግድያ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ ወንጀሉን አልፈጸምኩም ሲል ቆይቷል። ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት መታሰሩ፣ ቤተሰቡም ያለ አባወራ መቅረቱ በደል ነው። በሙኒክ ከእርሱ ቀጥሎ አራተኛ የወጣው አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ስለ እርሱ በዓለም ፊት ተሟግቷል። በ2002 መጀመሪያ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር አረፈ።