አየር ማርጠቢያ፦ ከመግዛት በፊት መለካት

ክረምት ሲባል በአገር ቤት የሚታሰበው ዝናብ፣ ጭቃና ተሰጥቶ የማይደርቅ ልብስ ነው። በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ግን ክረምት ሲገባና ማሞቂያው ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልጆችን ሌሊት ይነስራቸዋል። ይህን ድርቀት ለማስታገስ የሚሸጠውን መሣሪያ ብዙዎች «ሂውሚዲፋየር» ይሉታል። በአማርኛ «አየር ማርጠቢያ» ቢባል ሥራው ከስሙ ይታወቃል። «የእንፋሎት ማሽን» የሚለው አጠራር ግን ያሳስታል። ሁሉም እንፋሎት አያወጣም፤ ደግሞም ጉንፋን የያዘው ሰው ከሚታጠነው ጋር ያምታታዋል። መታጠን የአንድን ሰው አፍንጫ ለጥቂት ደቂቃ ለመክፈት ሲሆን፣ ማርጠቢያ ግን የክፍሉን አየር ለሰዓታት የሚያለሰልስ ነው።

መሣሪያውን ለመምረጥ አንድ ሌላ ቃል መረዳት ግድ ይላል፤ «አንጻራዊ እርጥበት»። አየር የሚይዘው የውሃ ተን በሙቀቱ ይወሰናል። በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ግራም በላይ ተን አይይዝም፤ 21 ዲግሪ ሲሞቅ ግን እስከ 18 ግራም ይይዛል። አንጻራዊ እርጥበት አየሩ የያዘው ተን ሊይዝ ከሚችለው ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። የሚኒያፖሊስ የጥር አየር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን፣ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ የያዘው 2.4 ግራም ገደማ ነው። ያው አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። ማሞቂያው ውሃውን አልወሰደውም፤ የአየሩን አቅም ነው ያሰፋው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለመኖሪያ ቤት የሚመክረው ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። እርጥበቱ ከዚያ አልፎ ሲከማች በመስኮቱ ላይ ጤዛ ይፈጠራል፣ በግድግዳው ጥግ ሻጋታ ይበቅላል፣ በፍራሽ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮች ይራባሉ፤ አስም ያለበት ሰው በዚህ ይብስበታል። ስለዚህ ከማርጠቢያው በፊት መገዛት ያለበት አነስተኛው የእርጥበት መለኪያ ነው። ቆዳ ለዚህ ዳኛ አይሆንም፤ በጣም የሞቀ ሻወርና ኃይለኛ ሳሙናም ያደርቁታልና።

ቁጥሩ ዝቅተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው በትነት የሚሠራው ዓይነት ነው ባይ ነኝ። በዚህኛው ውሃ የሚመጥ ማጣሪያ ይረጥባል፤ ማራገቢያው የክፍሉን አየር በእርሱ ውስጥ ያሳልፋል። በወበቅ ቀን ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አልደርቅ እንደሚለው፣ አየሩ እየረጠበ ሲሄድ ከማጣሪያው የሚተነው ውሃም በራሱ እየቀነሰ ይመጣል። አልትራሶኒክ የሚባለው ግን ውሃውን በንዝረት አድቅቆ ይረጨዋል፤ ካልተቆጣጠሩት አልጋው አጠገብ ያለው ወለል እስኪረጥብ ይቀጥላል። ድምፁ ዝቅተኛ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ማጣሪያ ቀይሩልኝም አይልም። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው የማራገቢያ ድምፅ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን አልትራሶኒክ በውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ አብሮ ወደ አየር ይልካል። በቧንቧ ውሃ ሲሞላ በዕቃው ላይ የሚያርፈው ነጭ ብናኝ የውሃው ማዕድን ነው፤ ለዚህም ማዕድን የሌለበት (ዲስቲልድ) ውሃ በየጊዜው መግዛት ያስፈልጋል። በደቡብ ኮሪያ የደረሰው ደግሞ ከብናኝ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ማርጠቢያ እንዳይቆሽሽ ውሃው ውስጥ የሚጨመር ፀረ ጀርም ፈሳሽ ይሸጥ ነበር። በ2011 መንግሥት ፈሳሹ ሳንባ እንደሚጎዳ ደርሶበት ከገበያ እስኪያስወጣው ድረስ ሕፃናትና እናቶች ጭምር ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የትኛውም ዓይነት ቢገዛ፣ ጋኑ ውስጥ ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም አይግባ፤ ውሃው በየቀኑ ይደፋ፣ ጋኑም አዘውትሮ ይታጠብ፤ በማጽጃ ከታጠበም ሽታው እስኪጠፋ በደንብ ይለቅለቅ።

ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ማፍላቱ ጀርም ቢገድልም፣ ልጅ ባለበት ክፍል ከተገለበጠ ስለሚያቃጥል የሕፃናት ሐኪሞች ውሃ የማያፈላውን ቀዝቃዛ ዓይነት ይመርጣሉ።

«ምድጃ ላይ ውሃ ብጥድ ወይም ልብስ ቤት ውስጥ ባሰጣስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ስሌቱም ይደግፈዋል። አራት በአራት የሆነ፣ ጣሪያው 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው መኝታ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። እርጥበቱን ከ25 ወደ 40 በመቶ ለማድረስ 108 ግራም፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ውሃ ይበቃል። የክፍሉ አየር ግማሹ በየሰዓቱ የሚቀየር ከሆነ በቀን 1.3 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ከማጠቢያ ማሽን የወጣ አንድ ሙሉ ጭነት ልብስ ደግሞ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይዞ ይወጣል። በጠባብ አፓርታማ ውስጥ ማታ የተሰጣ ልብስ መለኪያውን ከ22 ወደ 32 ካደረሰው በዚያ ቀን ማሽን አያስፈልግም። ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ግን ሰው ተኝቶ የሚተው አይደለም፤ ልብስም በየቀኑ አይታጠብም። ማርጠቢያ ዋጋውን የሚያወጣው ልብስ ባልታጠበባቸው ሌሊቶች መለኪያው ከ30 በታች ሲያድር ነው።