ጎረቤት የሚመረጥባት ከተማ

እኛ አገር ጎረቤት እንደ ዘመድ ነው፤ አይመረጥም። ሼከር ሃይትስ ግን ከመነሻዋም የተቆረቆረችው ጎረቤት ለመምረጥ ነው። ከተማዋ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኢንዱስትሪ ከታወቀችው ከክሊቭላንድ በስተምሥራቅ ትገኛለች። ሕዝቧ ሠላሳ ሺህ ቢጠጋ ነው፤ ሆኖም በከተማ ዳር ስላለው የባለጸጎች ኑሮ ሲወራ ስሟ ቀድሞ ይነሳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟን ያገኘችው ሼከር ከሚባሉ ሃይማኖተኞች ነው። በ1822 በዚያ የሰፈሩት እነዚህ ሰዎች ሀብታቸውን በጋራ የሚይዙ፣ ወንድና ሴትን እኩል የሚያዩ፣ ጋብቻን ግን የተዉ ነበሩ። ልጅ የማይወልድ ማኅበር ተተኪ ከየት ያመጣል? በ1889 የቀሩት ጥቂት አዛውንቶች መንደሩን ዘግተው ሄዱ። የግል ሀብት ይቅርብን ያሉ ሰዎች መሬት የባለጸጋ ግቢ ሆኖ መቅረቱ ያስገርማል።

መሬቱን የገዙት ኦሪስና ማንቲስ ቫን ስዌሪንገን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ሚስት አላገቡም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልተለያዩም። በ1905 ገደማ መሬት መግዛት ጀመሩ፤ በ1912 ሼከር ሃይትስ ራሷን የቻለች መንደር ሆነች። ገዢው ጠበቃ ወይም የባንክ ሹም ከክሊቭላንድ ጭስ ርቆ በዛፍ ጥላ ሥር እያደረ፣ ጠዋት ቢሮው በሰዓቱ መድረስ አለበት። ለዚህ የኤሌክትሪክ ባቡር አስፈለገ። ወንድማማቾቹ ሐዲዱ የሚያልፍበትን መሬት ለማግኘት ሲሉ በ1916 ኒክል ፕሌት የተባለውን የባቡር ኩባንያ እንዳለ በ8.5 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። መንገድ ፍለጋ ኩባንያ መግዛት ማለት ይኼ ነው! ባቡሩ በ1920 ሥራ ጀመረ። በዚያ ዓመት 1,616 የነበረው ሕዝብ በ1930 ወደ 17,783 ከፍ አለ።

ቤት የሚሠራ ሰው እንደ ልቡ አልነበረም። የቤቱ መልክ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ ወይም የቅኝ ዘመን አሜሪካ መሆን ነበረበት። ሁለት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት እንኳ ከመንገድ ሲያዩት የአንድ ሰው ቪላ እንዲመስል በአንድ የፊት በር ይሠራ ነበር። ከጀርባው ተከራይ መኖሩን አላፊ አግዳሚ እንዳያውቅ ነው። ቆሻሻም ደጅ አይወጣም፤ ለብዙ ዓመታት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ጓሮ ድረስ እየገቡ ያነሱ ነበር።

ከሁሉ የበረታው ግን ውሉ ነው። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤቱን መሸጥ የፈለገ ሰው የኩባንያውን ፈቃድ ወይም የጎረቤቶቹን ስምምነት ማግኘት ነበረበት። ዘርም ሃይማኖትም በስም አልተጠራም። በተግባር ግን ጥቁሩን ከደጅ መለሰው፤ አይሁዱንና ካቶሊኩንም አስቸገረ። ወንድማማቾቹ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሀብታቸውን አጥተው ማንቲስ በ1935፣ ኦሪስ በ1936 ሞቱ። ውሉ ከእነርሱ በላይ ኖረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች ዘርን የሚለይ የመሬት ውል ማስፈጸም አይችሉም ሲል ወሰነ፤ ያኔ በሩ ገርበብ አለ።

በ1956 መጀመሪያ፣ አንድ ጥቁር ጠበቃ ሉድሎ በተባለው ሰፈር በሚያሠራው ቤት ጋራዥ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። በሌላ የአሜሪካ ከተማ ቢሆን ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ ደላላው በየበሩ እየዞረ «ዋጋው ሳይወድቅ ሽጡ» ይላል፣ ነጩ ይሸሻል፣ ሰፈሩም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነዋሪው ሁሉ ይለወጣል። የሉድሎ ሰዎች ግን፣ ጥቁሩም ነጩም፣ በየሳሎኑ ተሰባስበው ቡና እየጠጡ መከሩ። በ1957 እኛ ዕድር ከምንለው የማይርቅ የነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ገንዘብ አዋጥተውም ወደ ሰፈሩ ለሚገቡ ነጮች የቤት መግዣ ድጎማ ብድር ሰጡ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብድሩ የነጭን ቁጥር ለመጠበቅ ነው። ጥቁሩ ገዢ ገንዘቡ በእጁ እያለ «አሁን በቅታችኋል፤ ሌላ ሰፈር ፈልጉ» የሚባልበት ጊዜ ነበረ። በ1967 የተቋቋመው የከተማዋ የቤት ጉዳይ ቢሮም በዚያው መንገድ ቀጠለ። ሰዎቹ በቅንነት ሠርተዋል፤ ቅንነታቸውን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን የወንድማማቾቹ ውል ጥቁሩን ላለማስገባት ይቆጥር ነበር፤ እነርሱ ደግሞ ነጩ እንዳይወጣ ቆጠሩ። በሁለቱም ጊዜ የተቆጠረው ጥቁሩ ነው። ያም ሆኖ ውጤቱ አይካድም። በ2000 ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ ነጩም አልሸሸም። በአካባቢው እንዲህ ያለ ከተማ ብዙ አይገኝም።

አጥር ግን አልጠፋም። በ1976 ሼከር ሃይትስ ጥቁሮች ከሚበዙበት የክሊቭላንድ ሰፈር የሚያገናኟትን አንዳንድ መንገዶች ዘጋች። ምክንያቱ የመኪና ብዛት ነው ተባለ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉት ግን የበርሊን ግንብ አሉት።

ሌላው አጥር ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። በከፍተኛው ደረጃ ክፍሎች ነጭ፣ በዝቅተኛው ጥቁር ተማሪ ይበዛል። የጥቁር ተማሪ አባት ሐኪም ወይም ጠበቃ ቢሆንም ልዩነቱ አልተደፈነም። ጥቁር ወላጆች ግራ ቢገባቸው በ1997 ናይጄሪያ የተወለደውን አንትሮፖሎጂስት ጆን ኦግቡን ጋበዙት። መጽሐፉ የወጣው እርሱ ባረፈበት በ2003 ነው። ኦግቡ ከመምህራኑ ይልቅ በተማሪዎቹና በወላጆቻቸው ልማድ ላይ አተኮረ፤ ከጋበዙት መካከል ቅር የተሰኙ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በደረጃ ተለያይተው ይማሩ የነበሩትን ልጆች በብዙ ትምህርቶች በአንድ ክፍል ማስቀመጥ የጀመረው በ2020 ነው።