ማሲንቆና ቅድመ ምርመራ በጣና ዳርቻ

ሹም የማይወደውን ቃል በዜማ ሸሽጎ በአደባባይ የመናገር ጥበብ በጣና ዙሪያ ከጊታርና ከድምፅ ማጉያ እጅግ የቀደመ ነው። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ መምህራን ደቀ መዛሙርቶቻቸውን በሰምና ወርቅ ሲያሠለጥኑ፥ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ደግሞ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ወደ ጠላ ቤት፥ ከገበያ ወደ መኳንንት አዳራሽ እየተዘዋወረ ያንኑ ምሥጢር ላልተማረውም ለሊቁም ያካፍል ነበር።

የሙያው ኃይል ግን በኅብረ ቃሉ ብቻ አልነበረም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በዜማ አስጊጦ ይመልሰዋል፤ ነገሩ መንግሥትን የሚነካ ሆኖ ቢገኝ ሰጪው «ስለ ፍቅር ተናገርሁ»፥ ተቀባዩም «የተሰጠኝን አልሁ» ይላል፥ የሳቀውንም ጉባኤ ስለ ሳቀ የሚከስ ዳኛ አይገኝም። መርማሪ የሚሻው የተጻፈ ወረቀትና የታወቀ ደራሲ ስለ ሆነ፥ ሁለቱም የሌሉት ይህ ልማድ ለሹማምንት ሁሉ አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ።

ፋሺስት ኢጣሊያ መልሱን በጥይት ሰጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ የኢጣሊያ ግዛት ሊያበቃ ነው እያሉ በየገበያው ያወራሉ የተባሉ ጠንቋዮች፥ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ ግራዚያኒ አዘዘ፤ በመጋቢትም ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 70 መረሸናቸውን አስታወቀ። ለዘፋኝ ሙያ ከጠላት እጅ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

ከነጻነት በኋላም ቁጥጥሩ አልቀረም፤ የሙዚቃ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያን አጥር ደፍሮ አለፈ፤ ከዚያ ቀደም ዘፋኙ ጥላሁን ገሠሠም ከ1953ቱ የታኅሣሥ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሮ ነበር።

ደርግ ከሁሉም ይልቅ ረቂቅ መንገድ አገኘ። ግጥሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ቀርቦ በቅድመ ምርመራ እንዲያልፍ አደረገ፤ በየክፍለ ሀገሩም የኪነት ቡድን ሲቋቋም የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ተባለ። በዚህ ቡድን ውስጥ የበቀለው ዜማና እስክስታ ውበቱ የማይካድ ቢሆንም፥ ስንኝ ሰጪው ሕዝብ ተመልካች ብቻ ሆኖ መቅረቱ ከባድ ጉዳት ነበር። በሌላ አገር ግን ተቃውሞው ሌላ መልክ ነበረው፤ በዚያው ዘመን፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976፥ በቼኮስሎቫኪያ «ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» የተባለው የሮክ ጓድ አባላት ለፍርድ ሲቀርቡ፥ ጸሐፍትና ፈላስፎች ስለ እነርሱ ተነሥተው በዓመቱ «ቻርተር 77» የተባለውን አቤቱታ በየራሳቸው ስም ፈርመው አወጡ። እነዚያ በፊርማቸው ተቃወሙ፤ የእኛዎቹ አዝማሪዎች ግን ስማቸውን በጉባኤው ውስጥ ሰውረው ኖሩ።

ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በሕግ ቢሻርም ክልከላው አልሞተም። የዘፋኙ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበም ምረቃ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታገደ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ግን፥ ከዓመት ተኩል በፊት ሰልፈኞች በጥይት በወደቁባት በባሕር ዳር፥ በብዙ ሕዝብ ፊት ዘፈነ።

ወረቀት አልባ መሆኑ የአዝማሪውን ስንኝ ከሹም ቢያድነውም ከመረሳት አያድነውም። ስለዚህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፥ በጣና ዙሪያ ያሉ አረጋውያን በልባቸው ያኖሩትን ስንኝ፥ መቼና በማን ላይ እንደ ተባለ ጭምር፥ ጠይቃችሁ ጻፉት።